በመደቡ ላይ የተነበበ ወንጌል

ዓመቱን በውል አላስታውሰውም። መንገዱ ተዘግቶ ሰው ከፍኖተ ሰላም ቡሬ በእግሩ ይሄድ የነበረበት ሰሞን ይሁን፣ ወይስ ተከፍቶ መኪና መመላለስ ከጀመረ በኋላ፣ እዚያ ላይ ይምታታብኛል። በኔ ዕድሜ ያለ ገበሬ ጊዜን የሚያስታውሰው በአዝመራው ነው። በርበሬው ተለቅሞ ግቢያችን ዳር እስከ ዳር ቀልቶ እንደነበር ግን አልረሳውም፤ ሚስቴ መደቡ ላይ ተቀምጣ እየቀነጠሰች፣ በየመሃሉ እያስነጠሰች፣ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ትጠርግ ነበርና።

ቤታችን ከጎዳናው ወረድ ብሎ ነው፤ ከቡሬ ይልቅ ለፍኖተ ሰላም ይቀርባል። ልጃችንን ከቀበርን ሙት ዓመቷ አልፎ ነበር። አንዷን ነው የምለው፣ ቡሬ ያገባችውን። ሌሎቹ አሉ፣ ይመስገነው። እሷ ታማ ሐኪም ቤት እስክትደርስ ዘገየች። ከዚህ በላይ ስለሱ መጻፍ አልሻም። ተዝካሯን አወጣን፣ ካህናቱ ፍትሐቱን አደረሱ፣ የመጣው ሰው በልቶ ጠጥቶ፣ እግዜር ያጥናችሁ ብሎ ወደየቤቱ ገባ። ከዚያ በኋላ ደከመኝ።

ድካም ስል የሥራ ድካም አይምሰላችሁ። እሱንማ አውቀዋለሁ። ቀኑን ሙሉ ያረሰ ሰው ድካም ተኝቶ ሲነሣ ይለቀዋል። ይኸኛው ግን አብሮኝ ተኝቶ አብሮኝ የሚነሣ ሆነ። ሰንበት ሲሆን ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ፤ መቋሚያዬን ብብቴ ሥር አድርጌ እቆማለሁ፤ ሲያልቅ እመለሳለሁ። ምን እንደተባለ አላውቅም። እህል ያለቀበት ጎተራ ታውቃላችሁ? ከደጅ ለሚያየው ጎተራ ነው፣ ክዳኑም አለ፣ ጭቃውም አልረገፈም። እንደዚያ ነበርኩ።

ይኸ የኔ ብቻ ጉዳይ ቢሆን ኖሮ ዝም ብዬ እቀመጥ ነበር። ሽማግሌ ሰው ደክሞት ቢቀመጥ ማን ምን ይለዋል? ነገር ግን ሚስቴ መቁረብ ፈለገች።

በኛ አገር ሰው ሕፃን ሳለ ይቆርባል፤ ጎረምሳ ሲሆን ይተወዋል። ከዚያ ትዳሩም፣ ጠቡም፣ ጠላውም፣ የድንበር ክርክሩም ይመጣል። ራሱ ሲነጣ ባልና ሚስት ይመካከሩና እንግዲህ ይበቃናል ብለው ሥጋ ወደሙ ይቀበላሉ። ከዚያ ወዲያ መፋታት የለም፣ ስካር የለም፣ ሰውም ቆራቢ እያለ በሌላ ዓይን ያያቸዋል። ታዲያ አንዱ ቀርቦ አንዱ አይቀርም። ባልና ሚስት አንድ ሥጋ ናቸውና አብረው ነው የሚሄዱት። ሚስቴ ብቻዋን ልሂድ ብትልም የሚሆንላት አልነበረም።

እሷ ደግሞ መቸኮሏ ወዳ አይደለም። ፍኖተ ሰላም ያለው ሐኪም ልብሽ አብጧል ብሏት፣ ኪኒን ሰጥቷት፣ ዳገት አትውጪ ብሎ መልሷታል። ቤተ ክርስቲያናችን ያለው ዳገት ላይ ነው።

«አንቱ» አለችኝ አንድ ቀን፣ ዓይኗን ከበርበሬው ሳታነሣ፣ «እንቁረብ እንጂ።»

«ለፋሲካ እናየዋለን።»

«ለየትኛው ፋሲካ?»

አጠገቤ የወደቀውን ዛላ አንሥቼ ወደ ክምሩ መለስኩ።

«እኔ እንኳ ያስቀመጥኩት ብዙ ፋሲካ የለኝም» አለች። አንድ እፍኝ ዛላ አንሥታ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

እንቢ ያልኳት በክፋት አልነበረም። ሥጋ ወደሙ እሳት ነው እየተባልን ነው ያደግነው። ባዶ ልብ ይዤ፣ እንደ ልማዱ አፌን ከፍቼ መቅረብ ፈራሁ። ልቤ እስኪመለስ ልጠብቅ ብዬ ነው። ልቤ ግን የት እንደሄደ እንኳ አላውቅም ነበር። እሱን ስጠብቅ የእሷ ጊዜ እየሄደ ነው። የኔ ድካም መንገዷ ላይ እንደወደቀ ግንድ ተጋደመባት፤ እሷም ግንዱን መዝለል አትችል፣ እኔም ማንሣት አልችል።

የነፍስ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። እሳቸው ወጣት ቄስ ናቸው፤ እናታቸው አዝላቸው ስትሄድ አይቻቸዋለሁ። ስለዚህ አንድ ልማድ አለን። መስቀላቸውን ሲያወጡ «ልጄ» ይሉኛል፣ «አንተ» ይሉኛል። መስቀሉን መልሰው ሲያስገቡ «አንቱ» ነኝ። እኔም መስቀሉ ሲወጣ ጎንበስ፣ ሲገባ ቀና እላለሁ።

ጸበሉ ቤት አጠገብ ካለችው ዋንዛ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። ነገርኳቸው።

«ዳዊት እየደገምክ ነው?» አሉኝ መስቀሉን ይዘው።

«እየደገምኩ ነው አባ።»

«ልብህስ?»

«ልቤ በርበሬው ላይ ነው። አንዳንዴም ቡሬ ይሄዳል።»

ቡሬ ስል የልጄን መቃብር ማለቴ መሆኑን አውቀዋል።

ስለ ዳዊቱ አንድ ነገር ልበል። ትምህርቴ እሷ ናት። የኔታ ዘንድ ፊደል ቆጥሬ፣ ዳዊት እስክደግም ቆይቼ፣ ከዚያ አባቴ ለእርሻ ፈለገኝና ወጣሁ። ግዕዙን ማንበብና የሚለውን ማወቅ ለየቅል ናቸው። ንባብ የተማረ ሁሉ ትርጓሜ አልተማረም። እኛ ንባቡ ላይ የቀረነው የት እንደሚነሣ፣ የት እንደሚጣል፣ የት እንደሚወርድ እናውቃለን፤ የሚለውን ደግሞ ሊቃውንቱ ያውቁልናል። በዚህ አፍሬ አላውቅም። ውኃ የሚጠጣ ሰው ሁሉ ምንጩን አልቆፈረውም። ሆኖም የሰኞውን በሰኞ፣ የማክሰኞውን በማክሰኞ ሳዘልቅ ምላሴ እንደ ለመደ በሬ ነው፤ ባለቤቱ ቢያንቀላፋም ትልሙን ይዞ ይሄዳል።

«እንግዲህ ቀኖና እሰጥሃለሁ» አሉኝ።

«ስግደት ይስጡኝ አባ» አልኳቸው። የሚከብድ ነገር ፈልጌ ነበር።

«ስግደት? አሁን ስትቀመጥ የጉልበትህን ድምፅ ሰምቼዋለሁ። አይሆንም።» ከዚያ ቀለል አድርገው፣ ዕቃ አቀብለኝ እንደሚል ሰው፣ «ወንጌል አንብብላት። በአማርኛ። በቀን አንድ ምዕራፍ። ከማርቆስ ጀምር፣ አጭር ነው፤ ለደከመው ይሆናል» አሉ።

ቅር አለኝ። ለሕፃን የሚሰጥ ነገር መሰለኝ። መስቀሉን አሳልመውኝ ወደ ኪሳቸው ሲያስገቡ ፊቴን አዩትና፣ «አንቱ፣ ቀለለብኝ ብለው እንዳያዝኑ። ይሞክሩትና ይነግሩኛል» አሉኝ።

መጽሐፍ ቅዱሱ ቤታችን አለ። ስንት ዘመኑ ነው፤ ትራስጌያችን ባለው መደርደሪያ ላይ፣ ሚስቴ ባሮጌ ነጠላ ጠቅልላ፣ ከእምነቱና ከጸበሉ ጠርሙስ ጋር አስቀምጣዋለች። ከክፉ ሕልም ይጠብቃል። እንዲያ ነው የምናውቀው፤ ወንጌል ባለበት ቤት ክፉ አይገባም። ከፍቶ ማየት ግን ለማናችንም ትዝ ብሎን አያውቅም። ጠባቂ ውሻ ያለው ሰው ውሻውን ምን አየህ ብሎ አይጠይቀውም። ነጠላውን ስፈታው ጢስ ጢስ ይሸታል፤ ቅጠሉ እርስ በርሱ ተጣብቋል። መነጽር አልነበረኝም። ፍኖተ ሰላም ገበያ መሬት ላይ ዘርግተው ከሚሸጡት አንዱን አንሥቼ፣ ሌላውን አንሥቼ፣ ፊደሉ የቆመልኝን ይዤ መጣሁ።

ማለዳ ፀሐዩ መደቡ ላይ ሲደርስ እሷ በርበሬዋን ይዛ ትቀመጣለች፣ እኔ አጠገቧ። የመጀመሪያው ቀን ጉሮሮዬን ጠረግሁና ጀመርኩ። በደንብ አነበብኩት። ድምፄ ድሮም ክፉ አይደለም። አንድ ቦታ አልተደናቀፍኩም፤ አልኩት፣ አወረድኩት፣ ጨረስኩት። መጽሐፉን ሳምኩና አጠፍኩ።

«ቃለ ሕይወት ያሰማልን» አለች ሚስቴ። ቀጥላም «ምን አለ?» አለች።

«ወንጌል ነው።»

«ወንጌል መሆኑንማ ሰምቻለሁ። ምን አለ ነው የምልዎት።»

መልሼ ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ዮሐንስ፣ ዮርዳኖስ፣ አንበጣ፤ እንዲህ እንዲህ ያለ ብጥስጣሽ እንጂ የተያያዘ ነገር አልያዝኩም። አማርኛ ነው፣ የእናቴ ቋንቋ፤ እኔ ግን በዳዊት ዜማ፣ እንደ ግዕዝ ቆጥሬው፣ ትርጉሙን ሌላ ሰው ይነግረኛል ብዬ አሳልፌዋለሁ። ዕድሜ ልኬን ያነበብኩት እንደዚያ ነው።

እሷ ሳቀች። ከቀብሩ ወዲህ ስትስቅ ያን ቀን መስማቴ ነው። «ዜማዎ ያምራል፣ እውነት ለመናገር። ግን እንደ ዜማ ሳይሆን እንደ ወሬ ያንብቡልኝ። ከገበያ ሲመጡ እንደሚያወሩኝ።»

«ወንጌል እንደ ገበያ ወሬ ይነበባል?»

«የምሥራች ማለት ወሬ አይደለም እንዴ?»

ከመጀመሪያው ጀመርኩ።

እንደ ወሬ ማንበብ ከባድ ነው። ዜማው ይጎትተኛል። ልክ ሲጎትተኝ እሷ «ምን አለ?» ትላለች፣ እኔ ቆም እላለሁ፣ ጣቴን ወደ ኋላ እመልሳለሁ። በቀን አንድ ምዕራፍ የተባለው በሁለትና በሦስት ቀን አንድ ሆነ። የነፍስ አባቴ ይኸን ሲሰሙ መስቀላቸውን አሳልመውኝ፣ «ቀኖናው ነው የረዘመው ወይስ የአንተ ጆሮ ነው የተከፈተው?» ብለው አለፉኝ።

ቀስ እያለ ግን አንዳንድ ነገር መስማት ጀመርኩ። ትንሽ ትንሽ ነገር። የዓሣ አጥማጁ አማት ትኩሳት ነበረባት፤ ሲለቃት ተነሥታ አስተናገደቻቸው። «ገና ከአልጋዋ ስትነሣ? ትንሽ እንኳ ሳያሳርፏት?» ትላለች ሚስቴ። ሽባውን ሰው ጣራ ነድለው አወረዱት። «ጣራውን ማን ከደነው በኋላ?» ትላለች። እኔ እንጃ እላለሁ፤ ስለ ጣራው ምንም አይልም። እንዲያ እያልን ፀሐዩ ከመደቡ ያልፍብናል። የትኛው ቀን ሞፈር እንደማይነሣ፣ የትኛው ጾም በየትኛው እንደሚፈታ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ፤ ዛሬም አልተውኩትም፤ የምተወውም አይደለም። ነገር ግን ይኸ ሁሉ በዓል የሚከበርለት ሰው ምን እንዳደረገ፣ የት ቁጭ እንዳለ፣ ምን እንደበላ በቅጡ አላውቅም ነበር። ያከበርኩትን እንግዳ አንድ ቀን እንኳ ቀርቤ አላወራሁትም።

ወሬው ወጣ። ሰንበቴ ላይ ተቀምጠን ሳለ አንድ ጎረቤቴ፣ አብሮ አደጌ ነው፣ ጠላውን ይዞ፣ «አንተ፣ ጧት ጧት በአማርኛ ትሰብካለህ አሉ። ጴንጤ ሆነሃል እንዴ? ጊታሩ መቼ ነው የሚመጣ?» አለኝ።

ሰው ሳቀ። እኔም ፈገግ አልኩ፤ ምን ልበል። የነፍስ አባቴ ከወዲያ ማዶ መስቀላቸውን አንሥተው፣ «ቀኖናውን የሰጠሁት እኔ ነኝ» አሉ። «ጊታሩንም ካስፈለገ እኔ አመጣለታለሁ። አንተ ግን ስትሰማው የትኛውን ጠላኸው?»

«እኔማ አልሰማሁም፣ ሲወራ ነው» አለ ጎረቤቴ። በማግሥቱ ጧት በኛና በእሱ መካከል ያለውን አጥር ሊጠግን መጣ። ያ አጥር ምንም አልሆነም ነበር። ብዙ ጧት ጠገነው።

ይኸ ሁሉ ሲሆን ተሻለኝ ማለቴ አይደለም። ንባቡ ሲያልቅ ድካሙ ያው ቦታው ላይ ነው። ሚስቴ ስለ ቁርባኑ አታነሣም፤ ግን ውኃ ቀድታ ስትመለስ በሩ ላይ ቆማ ደረቷን ይዛ ትተነፍሳለች፤ እኔ አላየሁም ብዬ ወደ ሌላ አያለሁ።

ከዚያ አምስተኛው ምዕራፍ ላይ ደረስን። የምኵራቡ አለቃ ልጁ ታማበት መጥቶ፣ ድረስልኝ ብሎ ጌታ እግር ሥር ይወድቃል። አብሮት ይሄዳል። መንገድ ላይ ሰው ይጋፋል፣ ደም ሲፈሳት የኖረች ሴት ልብሱን ትነካለች፣ ማነው የነካኝ ብሎ ይቆማል። ይቆማል። አባትየው ዳር ቆሞ ሲጠብቅ ታየኝ። ያን ጊዜ ከቤት ሰዎች መጥተው፣ ልጅህ ሞታለች፣ እንግዲህ ለምን ታደክመዋለህ አሉት።

እዚያ ላይ ጣቴን አቆምኩ።

ሚስቴም ምን አለ አላለችም። በርበሬው እጇ ላይ ቀርቷል። መጽሐፉን አጠፍኩት። መነጽሬን ላዩ ላይ አስቀመጥኩና ተነሥቼ ከብቶቹን ላያቸው ወጣሁ። ከብቶቹ ምንም አልሆኑም።

ሲነጋ አላነበብኩም። በሌላውም ቀን። ጣቴ ያቆመበት ቁጥር ላይ ነኝ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን አውቀዋለሁ፣ ሁሉም ያውቀዋል፤ ልጅቱን እጇን ይዞ ያስነሣታል። ያ ነው ያላስነበበኝ። ለዚያ ሰው ልጅ ዘግይቶም ደረሰላት። የኛዋስ? ይኸን ለሚስቴ አልነገርኳትም፤ እሷም የማታውቀው ነገር አይደለም። በየማለዳው ፀሐዩ ሲመጣ መጽሐፉን አውጥታ መደቡ ላይ ታስቀምጣለች፤ መነጽሩን ከላዩ ታደርጋለች፤ ፀሐዩ ሲያልፍ መልሳ ታስገባለች። አንድም ቀን ያንብቡ አላለችኝም። ጎረቤቴ ከአጥሩ ማዶ አንድ ሁለት ቀን መጣ፤ ከዚያ እሱም ቀረ።

ጾሙ ገባ። በርበሬው አልቆ እሷ ምስር ትለቅም ነበር።

«አንቱ» አለች፣ «የዚያች ልጅ ነገር እንዴት ሆነ?»

«ታውቂው የለም? ተነሣች።»

«እሱንማ አውቃለሁ። ከዚያ ወዲያ ነው የምልዎት።»

«ከዚያ ወዲያ ምን አለ?»

«እኔ ምን አውቄ። ያነበቡት እርስዎ ነዎት። ያልጨረሱትን ይጨርሱልኝ።»

ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ግን እንቢ የሚያስብልም አልነበረም። መነጽሬን አደረግሁ። ያቆምኩበትን ፈልጌ ቀስ ብዬ አነበብኩት፤ እንደ ወሬ ቢሉት ወሬ ያልሆነ፣ እንደ ዜማ ቢሉት ዜማ ያልሆነ፣ እንደ ሽማግሌ ትንፋሽ ያለ ንባብ ነበር። የሚያለቅሱትን አስወጣ፤ አባትና እናቷን ይዞ ገባ፤ እጇን ያዘ፤ ተነሣች፤ ተራመደች። ሰዎቹ ተደነቁ። እሱ ግን ለማንም እንዳይናገሩ አዘዛቸውና፣ የምትበላውን ስጧት አለ።

እዚያ ላይ ምዕራፉ አለቀ።

ሚስቴ ምስሩን በጣቷ እየነካካች፣ «ርቧት ኖሯል» አለች።

«ርቧት ይሆናል።»

«ያ ሁሉ ሰው ሲደነቅ እሱ ሆዷን አየላት።» ከዚያ ከምስሩ አንድ ጠጠር ለቅማ ጣለችና፣ «የኛዋም መጨረሻዋ ላይ ሽሮ አማረኝ ብላኝ ነበር» አለች። «ሠርቼላት ቀምሳለች። ሁለት ጉርሻ።»

ይኸን አላውቅም ነበር። እኔ ያን ጊዜ ሐኪም ቤት የሚያደርሳት መኪና ልፈልግ ጎዳናው ላይ ነበርኩ።

«አልነገርሽኝም።»

«አልጠየቁኝማ» አለች።

ሁለታችንም እዚያው አለቀስን። ከለቅሶው ቤት ወዲህ አብረን ስናለቅስ የመጀመሪያችን ነው። በለቅሶ ጊዜ እሷ ከሴቶች ጋር፣ እኔ ከወንዶች ጋር ነበርን። የኛዋ ለምን እንዳልተነሣች መጽሐፉ አልነገረኝም፤ ዛሬም አላውቅም። ነገር ግን ሁለት ጉርሻ መብላቷን አወቅሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የቡሬውን ቤቷን ሳስበው፣ የማየው መኪና ያጣሁበትን ጎዳና ብቻ አይደለም።

ማርቆስን ጨርሰን ዮሐንስን ያዝን። ሉቃስን ዘለልነው፤ ሚስቴ ክርስትና የተነሣችው ዮሐንስ ደብር ስለሆነ እሱ ይቅደም አለች። የቄስ ፈቃድ አልጠየቅንም። አራተኛው ምዕራፍ ላይ ስንደርስ በጋው ጸንቶ ነበር፤ ነፋሱ አቧራ እያነሣ፣ ጠሉ ጠፍቶ፣ ከብቱ ሁሉ ወደ ብር ወንዝ የሚወርድበት ጊዜ። ያች የሳምራዊቷ ሴት ታሪክ ናት። በዓውደ ምሕረት ስንት ጊዜ ሲሰበክ ሰምቻታለሁ። ሁልጊዜ የሚሰበከው ስለ ሴቲቱ ነው፣ ስለ ባሎቿ፣ ስለ ሕይወት ውኃ። እኔ ገና መግቢያው ላይ ቆምኩ።

«ምን አለ?» አለች ሚስቴ።

«ደክሞት ነበር ይላል።»

«ማን?»

«እሱ። መንገድ መሄድ አድክሞት ጉድጓዱ አጠገብ ተቀመጠ ይላል። ቀትር ነው ጊዜው።»

«እስቲ ይድገሙት።»

ደገምኩት። ያው ነው የሚለው። ደክሞት ተቀመጠ።

«ሌሎቹስ?»

«ምግብ ሊገዙ ከተማ ገብተዋል። ብቻውን ነው።»

«ውኃ ጠምቶት ይሆናላ።»

«ጠምቶታል። መቅጃ ግን የለውም፤ ሴትዮዋን ነው አጠጪኝ የሚላት።»

ሚስቴ እጇን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ወደ መንገዱ ታይ ጀመር። እኔም አየሁ። በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ፀሐይ፣ አንድ ሰው ከጎዳናው ወርዶ ጥላ ፍለጋ አጥራችን ሥር ቢቀመጥ የምናየው ሰው ታየኝ። አቧራ የለበሰ እግር። ስንት ዘመን ሥዕሉን ስሳለም ኖሬ፣ ዙፋኑን እንጂ እግሩ መዛሉን አስቤው አላውቅም። ልቤ ውስጥ ብርሃን በራ አልልም፤ ውሸት ይሆናል። ብቻ፣ ለብዙ ጊዜ ያለ ሰው የተቀመጥኩበት ቦታ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ እንዳገኘሁት ያለ ነገር ነው።

«እንግዲያው» አለች ሚስቴ፣ አሁንም መንገዱን እያየች፣ «እርስዎም ደክመው ይሂዱ።»

«የት?»

«የት እንደሆነ ያውቁታል። ሲበረቱ ሊሄዱ ነው የሚጠብቁት። እሱ ራሱ ደክሞት ከተቀመጠ፣ ደክሞት የመጣን ሰው ምን ብሎ ይመልሳል?»

የምመልሰው ፈልጌ መጽሐፉን አየሁ። መጽሐፉም የእሷ ወገን ነበር።

የነፍስ አባቴን ሄጄ፣ «አባ፣ ልቤ አልሞላም። ባዶ እንደሆነ ይዤው ብመጣስ?» አልኳቸው።

መስቀሉን አላወጡም። ስለዚህ «አንቱ» አሉኝ። «አንቱ፣ ሞልቶ የመጣ ሰው እኔ እስካሁን አላየሁም» አሉ። ከዚያ መስቀሉን አወጡና ንስሐዬን ተቀበሉኝ፤ ሚስቴም ተራዋን ገባች። ከፋሲካ በኋላ ያለው እሑድ፣ ዳግማይ ትንሣኤ ይሁን ተባለ።

ያን ቀን ገና ወገግ ሲል ወጣን። ዳገቱን ሐኪሙ ከልክሏት የለም? እህል ውኃ ሳንቀምስ፣ እሷ በእኔ ክንድ፣ እኔ በመቋሚያዬ፣ ጥቂት እየሄድን ጥቂት እየቆምን ወጣነው። በመሃል መንገድ የእጅ ፓምፕ አለ፤ ቢጫ ጀሪካን ተሰልፎ ያድርበታል። እዚያ ድንጋዩ ላይ ተቀመጥን። ከንፈሯ ጠቁሯል።

«ልመለስ ካልሽ እንመለስ» አልኳት።

«እሱም እንዲህ ቁጭ ብሏል» አለችኝ። ትንፋሽዋ ሲመለስላት ተነሣን።

ቤተ ክርስቲያን ደርሰን ተለያየን፤ እሷ በሴቶች በር፣ እኔ በወንዶች በር። ቅዳሴው ረጅም ነው፤ እኔ ግን ያን ቀን ቃሉ ከየት እንደመጣ እያወቅሁ ቆምኩ። ይኸን በመደቡ ላይ አንብበነዋል እላለሁ በልቤ፤ እዚህ ላይ እሷ አስነጥሳ ነበር። ሰዓቱ ሲደርስ ከሕፃናቱ ኋላ ተሰለፍኩ። መጋረጃው ፊት ስደርስ ከወዲያ በኩል ታየችኝ፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ ቀና ብላ፣ በእግሯ ቆማ። ድካሙ አልለቀቀኝም፤ አብሮኝ ወጥቶ አብሮኝ ቆረበ።

ስንመለስ አፋችንን በነጠላ ሸፍነን ነው፤ የቆረበ ሰው ብዙ አያወራም። ፓምፑ ጋ ስንደርስ እንደገና ተቀመጥን። ውኃ የምትቀዳ ሴት አይታን የጀሪካኗን ክዳን ሞልታ ለሚስቴ አቀበለቻት። ሚስቴ ጠጣችና ግማሹን ለኔ አስቀረችልኝ።

ዛሬም ይደክመኛል። ዕድሜውም አለ፣ ዘመኑም አለ። ሉቃስን ጨርሰናል፤ ማቴዎስ ላይ ነን፤ ጎረቤቴ አጥሩን መጠገን ትቶ መደቡ ላይ መቀመጥ ጀምሯል፣ እንዲያውም ፀሐዩን ይሻማኛል። ሚስቴ ዳገቱን ሁልጊዜ አትወጣውም፤ በወጣችበት ቀን አብረን እንወጣለን። ሰዎች ያን ክፉ ጊዜ እንዴት አለፍከው ሲሉኝ የነፍስ አባቴ በሰጡኝ ቀኖና ነው እላቸዋለሁ፣ እሱም እውነት ነው። ነገር ግን እኔ ብቻዬን ባነበው ኖሮ እስካሁን በዜማ እያወረድኩት ነበር። በየቁጥሩ አስቁማ ምን አለ እያለች ያሻገረችኝ፣ ፊደል ያልቆጠረችው ሚስቴ ናት።